ቸርኬውን አትቀይረው

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ለመጨረሻ ደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አባቴ ካረፈ በኋላ ለማንም መጻፍ ከብዶኝ ነበር። ያንተን ሳልመልስ መቆየቴ ግን ሁልጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ይቅር በለኝ።

ትናንት የላክሃቸውን ፎቶዎች ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። በመጨረሻ ገዛኸው! ኢ39 የሚባለው ትውልድ የቢኤምደብሊው ኤም 5፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ያውም ምንም ያልተነካካ። ተማሪ እያለን ፎቶውን ከመጽሔት ቆርጠህ ደብተርህ ላይ ለጥፈኸው ነበር እኮ። እንኳን ደስ ያለህ!

ከፎቶዎቹ ሥር የጻፍከውን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ጥቁር ባለ 20 ኢንች ቸርኬ፣ የኋላ ኮፈን ላይ ስፖይለር (ያ ክንፍ መሳዩ)፣ የጠቆረ የፊት መብራት፣ የሚጮህ ማርሚታ ልታስገባለት አስበሃል። «ምን ትላለህ?» ብለሃል። የማምንበትን ልንገርህ።

የዚህ መኪና ውበቱ ዝምታው ነው። ውስጡ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 4.9 ሊትር ቪ8 ሞተር አለ፤ 400 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ማርሽ፣ ያውም በእጅ ብቻ። ውጪው ግን ከተራው የቢኤምደብሊው 5 ሲሪስ ብዙም አይለይም። ከኋላ አራት የጭስ ቱቦዎች ታያለህ፣ በቃ። ዲዛይነሩ ጆጂ ናጋሺማ የነደፈው ያ መስመር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ አላረጀም። የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የሚያውቅ ግን ዞር ብሎ ያየዋል። ስፖይለርና ጥቁር ቸርኬ ስትጨምርበት ለማያውቀውም ሰው መጮህ ይጀምራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ቸርኬው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከፋብሪካ የወጣው በ18 ኢንች ነው፤ የኋላው ጎማ 275/35፣ ማለትም ስፋቱ 275 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 35 በመቶ። የጎማው ጎን ወደ 96 ሚሊሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። አጠቃላይ ቁመቱ ሳይለወጥ 20 ኢንች ካስገባህ ጎኑ ወደ 71 ሚሊሜትር ይወርዳል። ጉድጓድ ስትመታ ያ ስስ ጎማ አይችለውም፤ ምቱ ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወገብህ ላይ። ትልቅ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከባድም ነው። ከሞላው በታች ያለው ክብደት ሲጨምር ጎማው መንገዱን መከተል ያቅተዋል። ደግሞ ያ የፋብሪካው ቀለም! ብርም አይደል፣ ጥቁርም አይደል፣ የጠቆረ ክሮም ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ዘንጎቹ አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ። ጥቁር ስትቀባው ከጎማው ጋር ይዋሃድና ከሩቅ ባዶ ጉድጓድ ይመስላል።

የግድ እቀይራለሁ ካልክ ደግሞ የመሃል ቀዳዳውን አስለካ። የኢ39 74.1 ሚሊሜትር ነው፤ የዘመኑ ብዙዎቹ ቢኤምደብሊውዎች ግን 72.6 ናቸው። የአምስቱ ቡሎን ቀዳዳ ልክ መጣ ብለህ እንዳትገዛ።

ስፖይለር ነገር እኔን አቃጥሎኛል። የመጀመሪያዋ መኪናዬ ላይ አንድ ጋራዥ ውስጥ አሳሰርኩ። ኮፈኑን አራት ቦታ በሱት፤ የተበሳውን ላሜራ ግን ቀለም እንኳ ሳያስነኩት አሰሩት። በሁለተኛው ዓመት ቡሎኑ ዙሪያ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ አበጠ። ጥፍሬን ሳሳርፍበት ቅርፊቱ ተነሳ፣ ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ረገፈ። ዝገቱ ከውስጥ ጨርሶት ኖሯል፤ ስቱኮም አላዳነው፣ ኮፈኑን መቀየር ነበረብኝ። ያንተን ማንም በመሰርሰሪያ እንዳይነካው፣ አደራ። ነገር ካማረህ ስስ የሆነችውን በማጣበቂያ ብቻ የምትያዝ ስፖይለር አድርግ፤ ስትሰለችህ ትላቀቃለች።

የፊት መብራቱን ማጥቆር የሌሊት ብርሃንህን መቀነስ ነው፣ እባክህ ተወው። መኪናህ ከ2000 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ በፊት የተሠራ ከሆነ ግን በዚያ ዓመት የመጡትን ባለ ቀለበት መብራቶች አስገባ። ያን ለውጥ ራሱ ፋብሪካው አስቦበታል፣ ፊቱ ላይ ያምርበታል። ማርሚታውን አልከራከርህም፣ የጆሮ ጉዳይ ነው። የድሮውን ብቻ አትሽጠው።

አሁን ሌላ ፎቶ ላክልኝ። ከኋላ፣ አራቱ ቱቦዎች እንዲታዩ አድርገህ፣ ጠዋት ላይ አንሳው። መልሴ ከእንግዲህ አይዘገይም።

የማይረሳህ ወንድምህ