የእረፍት ቀን ከልምምዱ ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲቃረብ ጃን ሜዳም፣ የየሰፈሩ አስፋልትም ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በሯጭ ይሞላል። ደስ የሚያሰኝ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ያልሮጠበትን ቀን እንደ ባከነ ቆጥሮ ሰባቱንም ቀን ሲሮጥ ከርሞ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ይዞ መቀመጡ ነው። የስፖርት ገጻችሁ ስለ ልምምድ ሲጽፍ ለእረፍቱም ቦታ እንዲሰጥ በማሰብ ይህን ጻፍሁ።

ጉዳቱ በዚያ ሰሞን የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ በጥቂት ሳምንት ትንፋሽ ይከፈታል። አጥንት ግን እንዲያ አይደለም። ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል አፍርሶ ያወጣል፣ አዲሱን የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ከወትሮው ይሳሳል። ሯጩ «አሁን ገና ጉልበት አገኘሁ» ብሎ ፍጥነት የሚጨምረውም ልክ ያኔ ነው።

እንጦጦ ጫካ ውስጥ ትልልቆቹን አትሌቶች ቀላል ሩጫ ባለባቸው ቀን ያየ ሰው ይገረማል። አንዱ የሌላውን ዱካ እየተከተለ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ ለስላሳውን አፈር እየመረጡ በዝግታ ያዘግማሉ። ኪሎ ሜትሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ቢፈጅባቸው አያፍሩም። የከተማው ሯጭ ግን ቀላሉንም ቀን ከጓደኛው ጋር ይሽቀዳደምበታል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሮጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተ፣ ያ ቀላል ሩጫ አይደለም።

ሥራ እየሠራ ለ10 ኪሎ ሜትር ለሚዘጋጅ ሰው በሳምንት አራት ቀን ይበቃዋል። ማክሰኞ ፍጥነት፣ ሐሙስ ቀላል፣ ቅዳሜ ረጅም፣ ሰኞ ደግሞ ቀላል። ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ እረፍት ወይም የ30 ደቂቃ የእግር ጉዞ። ይህ አደላደል ለጿሚም ይመቻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ረቡዕ ጠዋት ከባድ ልምምድ ቢሠራ፣ ጡንቻው ምግብ አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ባዶ ሆዱን ይውላል። «ካረፍኩ አቅሜ ይወርዳል» የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ማረፍ እንኳ ያገኙትን አቅም በሚታይ መጠን አይቀንስም።

እረፍት የሚያስፈልግበትን ቀን ሰውነት ራሱ ይናገራል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የልብ ምትን ለ60 ሰከንድ መቁጠርና መመዝገብ ነው። ከወትሮው በ7 ወይም በ8 ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከቆየ፣ ፕሮግራሙ ምንም ይበል ምን የዚያን ቀን ሩጫ መተው ይሻላል።

ከሩጫ በፊትና በኋላ ይመዘኑ፤ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ 1 ሊትር ተኩል ውኃ በየጊዜው እየጠጡ መተካት ያስፈልጋል። በሶ ከማርና ከትንሽ ጨው ጋር በጥብጦ መጠጣት ከብዙ የታሸገ መጠጥ ይበልጣል። ለጡንቻ ጥገና 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ይህ የሦስት እንቁላል ያህል ነው፣ በጾም ወፈር ያለ የምስር ወጥ ወይም ሽሮ ከእንጀራ ጋር። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ የምስሩን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዱታል።

ስለ ሕመም አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ባት የሚያም፣ በማግስቱና በሠለስት ብሶ ከዚያ የሚለቅ ሕመም የጡንቻ ነው፤ ቁልቁለት የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል። ቅልጥም ላይ በአንድ ጣት ተጭነው «እዚች ጋ» የሚሉት፣ ሲሮጡ የሚብስ፣ ሌሊት የሚጠዘጥዝ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጦ መሮጥ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ስንጥቁን አይደፍነውም፤ ውኃ ያጠረው ሰው ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪም ዘንድ በጊዜ የሄደ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አርፎ ይመለሳል፤ ችላ ያለ ግን ስንጥቁ ወደ ስብራት ሊሄድበት ይችላል።

ከውጭ አገር ለሩጫው የሚመጡ ወገኖቻችንም የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን አይዘንጉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ይረበሻል፣ የልብ ምትም ይጨምራል፤ ያን ሳምንት ቀላል ሩጫ ብቻ።

ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት የሩጫውን ርቀት በግማሽ መቀነስ ተገቢ ነው። ከውድድሩ በኋላ ሁለት ቀን እርምጃ ብቻ፣ ቀጥሎ 20 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ፍጥነት ከሳምንት በኋላ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ይህ ሳምንት ብዙ ጊዜ ከጾሙ ጋር ይገጥማል፤ ምስሩ፣ ባቄላውና ሽምብራው አስቀድሞ ቤት ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአትሌቲክስ አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ