«ወንድ አቮካዶ» የሚባል ዛፍ የለም

ለአዘጋጁ፦

በጅማ ጓሮዎች አበባ እያወጣ የማያፈራ አቮካዶ «ወንድ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። የቀረፋ ዘመድ የሆነው ይህ ዛፍ ግን በየአበባው ሁለቱንም ፆታ ይይዛል፤ የሚለያየው ሰዓቱ ነው። ሃስ የተባለው ዝርያ አበባ ጠዋት በሴቴነት ይከፈትና እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ሆኖ ይመለሳል። ፉርቴና ኤቲንገር የተባሉት ዝርያዎች ተቃራኒ ናቸው፦ ከሰዓት በኋላ ሴቴ፣ በማግስቱ ጠዋት ወንዴ። ስለዚህ የአንዱ ምድብ አበባ ሴቴ ሲሆን የሌላው ብናኝ ያወጣል።

አበባውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። 9ኙ የወንዴ ዘንጎች ወደ ውጭ ተዘርግተው መሃል ያለው የሴቴ ክፍል ብቻ ከቆመ ሴቴ ነው፤ ዘንጎቹ ቀና ብለው ብናኝ ካወጡ ወንዴ።

ስለዚህ ከመጥረቢያው በፊት ከሌላኛው ምድብ አንድ የተዳቀለ (ቅርንጫፉ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀ) ችግኝ አጠገቡ ትከሉ። ንብ በሚሠራበት ሰዓት ፀረ ተባይ አትርጩ። የማያፈራው ዛፍ ከዘር የበቀለ ከሆነማ ገና ጊዜው ላይሆን ይችላል፤ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል።

ከጅማ