የእማማ ዕድሜ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «እማማ ግን ስንት ዓመቷ ነበር?» ስትዪኝ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር አልመለስኩልሽም።

መታወቂያዋ 1925 ተወለደች ይላል፤ የቀበሌው ጸሐፊ መልኳን አይቶ የሞላው ነው። እሷ በዓመት ቆጥራ አታውቅም። «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ አግድ ነበር፣ ጃንሆይ ሲመለሱ ታጭቻለሁ» ነው የምትለው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ጃንሆይ የተመለሱት በአምስተኛ ዓመቱ በዚያው ቀን ነው። ጥጃ የሚያግድ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እንግዲህ በ1921 ገደማ መሆኑ ነው፤ ዘጠና ስድስት ግድም ኖራለች።

የመንዝን ብርድ ታውቂዋለሽ። እኔን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ ያስተማረችኝ በባና፣ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሥራ ነው። የበግ ጠጉሩን አጥባ፣ አፍታታ፣ ትፈትላለች፤ ሽመናው የወንድ ስለሆነ ለሸማኔ ትሰጣለች። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ስለምታሾረው ቀሚሷ ሁልጊዜ ከቀኝ በኩል ቀድሞ ይሳሳል። አዲስ ቀሚስ እንኳ ሲገዛላት መጀመሪያ የምትፈልገው እዚያች ቦታ ላይ የሚለጠፍ እራፊ ነበር።

መሠረተ ትምህርት በ1971 ታውጆ እኛ አገር ሲደርስ ሃምሳን ተሻግራለች። ያንን ክረምት አስተማሪዋ ማን መሰለሽ? እኔው! «ተ»ን ከ«ቸ» እየቀላቀለች ብታስቸግረኝ ጮኽኩባት። «አንቺን መራመድ ሳስተምርሽ መች እንዲህ ጮኽኩብሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አስተማርኳት፤ ውሎ አድሮ ዳዊት ደገመች።

ስለ 77ቱ ድርቅ ስትጠየቅ ግን «ክፉ ቀን ነበር፣ አለፈ» ብላ ወደ ፈትሏ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ ሞክሬ ከዚያ ያለፈ ነገር አላወጣሁም።

አሁን ችግራችን ሐውልቱ ነው። አጎትሽ «መቶ ዓመት ኖራ» ተብሎ ይቀረጽ ይላል፤ መቶ ሲባል ክብር መሰለው። እኔ የማላውቀውን ድንጋይ ላይ አላስጽፍም፣ ስሟና ያረፈችበት ቀን ይበቃል አልኩት። ይኸው ከተኳረፍን ሳምንታችን። ከአርባዋ በፊት ደውዪለትና አባብዪው፤ አንቺን ይሰማል።

እናትሽ