«አመል» ያልነው ሕመም ነበር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በልጄ ፈቃድ ነው፤ የእሷንም የእኔንም ስም ግን እንድታስቀሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጄ አሁን 24 ዓመቷ ነው። ኦሲዲ የሚባለው፣ በማይፈለግ ሐሳብ የሚያስጨንቅና አንድን ድርጊት ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም የጀመራት በ17 ዓመቷ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና በምትዘጋጅበት ወቅት ሲሆን፣ ሐኪም ፊት የቀረበችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እኔ እናቷ ሕመሙን በየቀኑ እያየሁት አላወቅሁትም ነበር።

መጀመሪያ ያየነው የእጅ መታጠቡን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን ለእጇ ብቻ አፍስሳ ስትጨርስ እቆጣት ነበር፤ ሳሙናው አልበቃት ብሎ በረኪና ስትጨምርበትና የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ሲደማም «አመሏ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ምን ዓይነት ንጹሕ፣ ባለሙያ ልጅ ወለድሽ» እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። ዛሬ ሰዎች ቤቱ ዝንፍ ሲልበት የማይወድን ሰው ሁሉ «ኦሲዲ አለበት» ሲሉ ስሰማ የምከፋው ለዚህ ነው፤ ንጽሕና የሚወድ ሰው አጽድቶ ደስ ይለዋል፣ ልጄ ግን እያለቀሰች ነበር የምትታጠበው።

ከእጥበቱ የከፋው ግን ለማንም የማይታየው ነበር። ለጸሎት በቆመች ቁጥር በፈጣሪ ላይ የሚሰነዘር ስድብ ሳትፈልገው ወደ አእምሮዋ ይመጣባት ነበር። ጸሎቷን ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ ሐሳቡ ይመለሳል፤ እንደገና ትጀምራለች፤ የአሥር ደቂቃ ጸሎት ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። በመጨረሻም «እኔ ርኩስ ነኝ» ብላ ከቅዱስ ቁርባን ራቀች። ለንስሐ አባቷ ያንኑ ነገር በየሳምንቱ ትናዘዝ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እኚህን አባት እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አመሰግናቸዋለሁ፤ አንድ ቀን «ልጄ፣ ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ወደሽው ያሰብሽው ነገር አይደለምና ዳግመኛ አትናዘዢው፤ ይልቅ ጸሎትሽን ሳትተዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሏት። ይህን የነገርኳት ሙስሊም ጎረቤቴም እነሱ ዘንድ ይህ ወስዋስ እንደሚባል፣ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ) እየደጋገመ ለሚጨነቅ ሰውም ዑለማዎቹ «ጥርጣሬውን ችላ በለው፣ አትድገም» እንደሚሉት አጫወተችኝ።

ሐኪሟ እንዳስረዱን፣ የማይፈለግ ክፉ ሐሳብ በማንኛውም ሰው አእምሮ ውስጥ ብልጭ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሕመም የሚሆነው ሐሳቡ አልለቅ ብሎ ሲያስጨንቅና ሰውየው ጭንቀቱን ለማብረድ አንድን ድርጊት ለመደጋገም ሲገደድ፣ ይህም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድበት ወይም ትምህርቱንና ኑሮውን ሲያውክበት ነው። ድርጊቱ የግድ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ በልብ መቁጠር፣ ጸሎትን መደጋገም፣ «አጥፍቼ ይሆን?» ብሎ ሰውን ደጋግሞ መጠየቅም ከዚሁ ይቆጠራል። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው እጅግ በሚወደውና በሚሳሳለት ነገር ላይ ነው፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት ልጅ ስድብ የሚመጣባት፣ ለአራስ ልጇ የምትሳሳ እናት «ልጎዳው ይሆን?» እያለች የምትሰቃየው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥፋት መናገር አለብኝ። ልጄ ማታ ማታ «እማዬ፣ የቆሸሸ ነገር ነክቼ ይሆን?» ስትለኝ «አልነካሽም ልጄ» እላት ነበር፤ ከርኅራኄ ነው። እፎይታው ግን ከደቂቃዎች አያልፍም፤ ያው ጥያቄ በሌላ ቃል ተመልሶ ይመጣል። እያንዳንዱ መልሴ ፍርሃቷ እውነተኛ አደጋ እንደሆነ ለአእምሮዋ ያረጋግጥለት ኖሯል። ሕክምናው የሚሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው። ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረ ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራ መሠረቱ የተጣለው ይህ ዘዴ፣ ታማሚው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጋፈጥና የለመደውን ማርከሻ እንዳይፈጽም ያደርጋል። ልጄ የግቢያችንን በር እጀታ ይዛ፣ እጇን ሳትታጠብ እንጀራ ቆርሳ የበላችበትን ምሳ አልረሳውም፤ ፊቷን ላብ አጥምቆት፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል እየተንቀጠቀጠች ቆይታ፣ ከዚያ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ ረገበ። የእኔ ድርሻ ለጥያቄዋ መልስ አለመስጠት ነበር። ልጅ «ንገሪኝ» እያለ ሲለምን ዝም ማለት ለእናት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

መድኃኒትም ታዝዞላታል። ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ከፍ ባለ መጠን የሚሰጡ ሲሆን፣ ውጤታቸው እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እኛም በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለን ልናቋርጥ ደርሰን ነበር። ጠበል የሚጠመቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን እንዲተዉ የሚመክሩ አሉ፤ እባካችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ፤ ልጄ ሁለቱንም ይዛ ነው የዳነችው።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም «የፈተና ጭንቀት ነው» ብሎ መልሶናል። ለረጅም ዘመን የአገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው የአማኑኤል ስም በየመንደሩ መሳደቢያ በሆነበት አገር፣ ካርድ ማውጣቱ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ስታገኙም ይህን የመጋፈጥ ሕክምና ሠርቶበት እንደሚያውቅ ጠይቁ፤ ለሰዓታት መወያየትና መጽናናት ብቻ ለዚህ ሕመም በቂ አይደለም።

የጤና ዓምዳችሁ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ይህን ሕመም ለመለየት የሚረዱ ጥቂት ጥያቄዎችን በቀላል አማርኛ እንዲያትም እጠይቃለሁ። ጥያቄዎቹን ከሐኪሟ ጋር ሆና ልታዘጋጅላችሁ ልጄ ፈቃደኛ ናት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ