የጓሮ እሳት ማንደጃ ከኛ ለወሰዳችሁና ለማሠራት ላሰባችሁ ደንበኞቻችን

ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ከረማችሁ።

ከክረምቱ መውጣት ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሥራ ቤታችን መጥቶ የጓሮ እሳት ማንደጃ የሚያሠራ ሰው በዝቷል፣ በበርሜልም በመኪና ቸርኬም በወፍራም ላሜራም፣ አንዳንዱ ለካፌው፣ አንዳንዱ ለሎጅ፣ አንዳንዱ ደግሞ አሜሪካ ያለ ወንድሙ ፎቶ ልኮለት "እንደዚች ያለች ሥሩልኝ" እያለ ይመጣል፣ ደስ ይለናል እንሠራለንም። ግን ከዚህ ወር ጀምሮ ሦስት ነገር ስለቀየርን ምክንያቱን እንድታውቁት ነው ይሄን የጻፍነው። ያለ ወንፊት ክዳን (ፍንጣሪ የሚይዝ የሽቦ መረብ) ማንደጃ አንሸጥም። ቦታውን መጥተን ሳናይ ወይም ፎቶ ሳትልኩልን መጥተን አንተክልም። ቀበሌው ወይም ግብርና ጽ/ቤቱ እሳት አታንድዱ ባለበት ሰሞን ደግሞ ለዝግጅት የምናከራየውን አናወጣም፣ ቀብድ ከፍላችሁም ከሆነ ብራችሁን እንመልሳለን።

ሦስተኛው ላይ ቅር የተሰኛችሁ አላችሁ፣ ሰምተናል። "እኔኮ ሜዳ ላይ አይደለም የማነደው፣ ብረት ውስጥ ነው" የሚል ነገር ደጋግሞ መጥቷል። እውነት ነው ብረቱ ከሥር ሳሩን ይጠብቃል፣ ከላይ የሚወጣውን ፍንጣሪ ሁሉ ግን ምን ይይዘዋል? የካቲት መጋቢት ላይ ነፋሱን ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት ላይ ተነስቶ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው ነፋስ አንዷን ፍንጣሪ አጥር አሻግሮ የጎረቤት የጭድ ክምር ላይ ቢያሳርፋት ያ ሰው የዓመት የከብት መኖውን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ እገዳ ሲባል ብረት ውስጥ ያለውንም ይጨምራል ብላችሁ ያዙት፣ ካልገባችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። ፎቶውን የላኩላችሁም ወንድሞቻችሁ ጋ ቢሆን እንደዛው ነው፣ አሜሪካ ብዙ ቦታ "በርን ባን" (እሳት የማንደድ እገዳ) ሲታወጅ የጓሮ ማንደጃም አብሮ ይዘጋል፣ ጠበቅ ሲል ደግሞ ከሰልም እንጨትም ቀርቶ በቫልቭ የሚዘጋ ጋዝ ብቻ ነው ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው። ፎቶው ላይ ይሄ አይታይም።

እንደው እኛ ስናስበው መዘናጋቱ የመጣው ከበዓሎቻችን ነው። ቡሄ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ፣ ደመራ፣ ሁሉም ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው፣ ሳሩ እርጥብ መሬቱ ጭቃ፣ እሳቱ የትም አይሄድም። ከልጅነታችን ጀምሮ ትልቅ እሳት ያየነው በእርጥብ ጊዜ ስለሆነ ምንም አይሆንም ብለን አደግን። ሠርጉ ግን ጥርና የካቲት ነው፣ ሰብሉ ተወቅቶ ጭዱ ጓሮ ተከምሮ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠልና ቅርፊት መሬቱን ሸፍኖ ባለበት ጊዜ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ዘይት አለው፣ ደረቁ ሲነካው እንዴት እንደሚንቦገቦግ ምጣድ ያሰማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ጊዜ ቀላል ነው የሚል ካለ በ2011 ሚያዝያ አካባቢ ሰሜን ተራራ ፓርክ የነበረውን ያስታውስ፣ ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቶ ነበር። እኛም አገር ጮቄ ተራራ አለ፣ የአስታ ዛፉና የጓሳ ሳሩ በበጋ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቃል፣ በየቤተክርስቲያኑ ዙሪያ የቀረው የጥድና የወይራ ደንም አለ። ደን ላይ እሳት መልቀቅ በደን አዋጁ 1065/2010 በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ስለ ሠርግ ካነሳን አይቀር፣ ማንደጃ የሚከራዩን ሰዎች ብዙ ጊዜ ዳሱ ሥር ወይም ዳሱ ጠርዝ ላይ እንድናስቀምጠው ይፈልጋሉ፣ እንግዳው እንዲሞቅ፣ ለፎቶም ሸጋ ነው። አናደርገውም። ዳሱ ሸራና ላስቲክ ነው፣ ከሥሩ ጉዝጓዝ፣ ከጎኑ የደረቀ ቅጠል የተጌጠበት አጠና፣ ከጓሮ ደግሞ ወጥ የሚሠራበት ጉልቻ እየነደደ፣ በዛ ላይ ጄኔሬተሩና የቤንዚን ጀሪካኑ የት እንደተቀመጠ ማንም አይጠይቅም። የሙሽራው ቤተሰብ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ እሳት የሚጠብቅ ሰው የለም። ስለዚህ ማንደጃ የምናከራየው እሳቱን ከማቀጣጠል እስከ ማጥፋት ሌላ ሥራ የሌለው፣ ጠላውንም ቀስ የሚል አንድ ሰው ከመደባችሁ ብቻ ነው።

ርቀቱን በተመለከተ፣ አሜሪካ በብዙ ቦታ የሚሠሩበት የእሳት ደንብ ሜዳ ላይ የሚነድ የመዝናኛ እሳት ከቤት 25 ጫማ ይራቅ ይላል፣ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ክምሩም ከ3 ጫማ ስፋትና ከ2 ጫማ ከፍታ አይብለጥ ይላል፣ ማለት 90 በ60 ሳንቲም። እኛ 8 ሜትር እንላለን፣ የናንተ ቤት ሳር ክዳን ከሆነ ወይም አጥራችሁ የደረቀ እሾህና ጭራሮ ከሆነ እሱም አይበቃም። የጭድና የድርቆሽ ክምር ካለ ደግሞ ነፋሱ ከእሳቱ ወደ ክምሩ በሚሄድበት በኩል ጭራሹን አታንድዱ። ዙሪያውን ሁለት ሜትር ያህል ሳሩን ልጣችሁ አፈር አውጡት። ቀና ብላችሁም እዩ፣ የመብራት ሽቦና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ። ግቢው ጠቦ ይሄ ካልተገኘ ማንደጃ አትግዙን፣ ከሰል ምድጃ እንሥራላችሁ።

ድንጋይ ለማስዋብ የምትደረድሩ የወንዝ ድንጋይ አታምጡ፣ ውስጡ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። በርሜል ራሳችሁ ይዛችሁ የምትመጡም ምን እንደነበረበት ንገሩን፣ የኬሚካል ከሆነ አንቆርጠውም፣ ዚንክ የተቀባ ብረትም ለማንደጃ አንጠቀምም ሲግል ጭሱ መርዝ ነው። በቤንዚን ማቀጣጠል፣ ፕላስቲክና ጎማ ማንደድ፣ ይሄን ለናንተ መንገር አያስፈልግም።

ማጥፋቱ ላይ ግን እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማታ ላይ አመድ ደፋበት፣ አፈር ጣል አደረገበት፣ ጠፋ ብሎ ተኛ። እናቶቻችንኮ እሳት የሚያሳድሩት እንደዚህ ነው! ረመጡን በአመድ ይዳፍኑታል፣ ጠዋት ገለጥ አርገው እፍ ሲሉት ይነሳል። እናንተም አመድ ስትደፉበት እያጠፋችሁት ሳይሆን እያሳደራችሁት ነው፣ ሌሊት ነፋስ ወይም ውሻ ሲገልጠው አለቀ። የሚያጠፋው ውሃ ነው፦ ቀስ እያላችሁ ከጎን አፍስሱ፣ ፊታችሁን አርቁ እንፋሎቱ ያቃጥላል፣ በዱላ አማስሉት፣ ደግማችሁ አፍስሱ፣ መዳፋችሁን ጠጋ አርጋችሁ ሙቀት እስኪጠፋ። ከማቀጣጠላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃና አካፋ አጠገባችሁ ይኑር፣ ቧንቧው ይመጣል ብላችሁ አትመኑ። አመዱን በማዳበሪያ ከረጢት አትዝቁት ፍግ ላይም አትድፉት፣ ፍም እስከ ማግስቱና ከዛም በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ክዳን ባለው ጣሳ አርጋችሁ ከቤት አርቁት። ጎረቤት እሳት ልጫር ብሎ ልጅ ከላከ በነፋስ ቀን በገል አሲዛችሁ አትስደዱት፣ ክብሪት ስጡት።

ሌላው ቅዝቃዜው ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ማታ ይበርዳል፣ እንግዳው ሲሄድ የቀረውን ፍም ይዞ መኝታ ቤት መግባት የሚፈልግ አይጠፋም። በፍጹም። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ ሽታ የለውም፣ በተኛችሁበት ነው የሚወስዳችሁ።

939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር ነው፣ የናንተን ከተማ ቁጥር ከቀበሌ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ከዚህ በፊት ያለ ክዳን የወሰዳችሁ፣ ወንፊቱን በሽቦው ዋጋ ብቻ እንሠራላችኋለን፣ የብየዳ አናስከፍልም። የማንደጃውን አፍ ስፋት ለክታችሁ ላኩልን፣ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ይዛችሁት ኑ፣ ቸርኬ የሆነው ከባድ ስለሆነ ባጃጅ ላይ ለሁለት ጫኑት።