ቅሬው ከቀብር በፊትም ይምጣ

ለአዘጋጁ፦

በወሎ ገጠር ሰው ሲሞት ቅሬውን፣ ማለትም የቀብርና የሐዘን መረዳጃ ማኅበሩን፣ የሚቀድም የለም። ሟቹ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ግን ለቅሶው በሹክሹክታ ያልፋል፤ ቤተሰቡ በሐዘኑ ላይ ኀፍረት ይሸከማል። የተጨነቀን ሰው ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ «ከጠየቅነው እናስታውሰዋለን» የሚለው ፍርሃትም ከንቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ጭንቀትን ያቀልላል እንጂ። የቅሬ መሪዎች፣ ሼሆችና ቄሶች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ይህን አጠያየቅ ቢሠለጥኑ ምን ይከብዳል?

ታክሞ የተመለሰውስ? ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን አይቋረጥ። ለቀጠሮ ደሴ ወይም ወልድያ የሚመላለስበት የመኪና ሒሳብ ከቅሬው ሣጥን ቢወጣ፣ ከገንዘብ ያዡ በቀር የሚቃወም አይመስለኝም። ለአጨዳ ደቦ ሲጠራም «እሱ ታሟል» ተብሎ አይታለፍ።

አንድ የቅሬ አባል፣ ከደቡብ ወሎ