ለልጄ፦ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ

ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ። ካንቺ ብሰማው ይሻለኝ ነበር፤ ይሁን። መሥሪያ ቤታችሁ እንደ አንቺ የደንበኛ ስልክ የሚያነሳ ሮቦት ማስገባቱን፣ እናንተም እንድትፈርሙ ወረቀት ማደሉን፣ አንቺም «ያው ነው፣ ፈርሜ ልገላገል» ማለትሽን ሰማሁ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም፦ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ወንድምሽንም እንዳትቆጪው። ጨንቆት ነው።

እኔ የስልክ ኦፕሬተር እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። «ደግሞ ጀመረች» ትይ ይሆናል፤ ይህን ግን አልነገርኩሽም። ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካን ሰው ከሰው በምናገናኝበት ዘመን እትዬ የምንላት አለቃ ነበረችን። ደንበኛ በድምፅዋ ይለያታል። ሌሊት ሰው ታሞበት የሚደውል ቁጥር መጥራት አያስፈልገውም ነበር። ሐኪሙ የት እንዳመሸ ታውቃለችና እዚያው ታገናኘዋለች። እኛን ግን አንዲት ገመድ ስናሳስት ታስለቅሰን ነበር።

ከዚያ ያለ ኦፕሬተር ሰው ከሰው የሚያገናኘው አውቶማቲክ ማዞሪያ መጣ። የዚህ ማሽን ፈጣሪ አልመን ስትሮውጀር የሚባል አሜሪካዊ የቀብር አስፈጻሚ ነው። እንደሚወራው ከሆነ፣ ኦፕሬተሯ ደንበኞቼን ለተፎካካሪዬ እየሰጠችብኝ ነው ብሎ ተናዶ ነው የሠራው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። «የአንድ ቀባሪ ቂም ለእኛ ተረፈ» እያልን እንስቅ ነበር። ምን እናድርግ፣ ከመሳቅ ሌላ!

ወረቀቱ ሲመጣ እትዬ ብድግ አለች። «ብረት ከመረጣችሁ፣ ከብረቱ ጋር አውሩ!» ብላ ቆማ ፈረመች። አላነበበችውም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ለሚፈልግ ሥልጠና ይሰጣል የሚል ነበረበት። እኛ ፈሪዎቹ ስላነበብን አገኘነው፤ ሂሳብ ክፍል ገባን። እሷ ለረጅም ጊዜ በምሳ ሰዓት በሩ ላይ እየመጣች ትጠብቀን ነበር። «ያ ብረት እንዴት ነው?» ትለናለች። ደህና ነው ስንላት ደስ አይላትም፤ ተበላሸ ስንላት ደግሞ እንዴት እንደሚጠገን ትነግረን ጀመር። በማታውቀው ማሽን! ኋላ መምጣቷን ተወች። የዚያች ሴት ኩራት አሁን አንቺ ላይ ይታየኛል። ግማሹን እወድልሻለሁ።

ሳታነቢ እንዳትፈርሚ የምለው ለመዛወሩ ብቻ አይደለም። የተቀዱ ጥሪዎችሽ አሉ። ድምፅሽ፣ የተቆጣ ደንበኛ የምታበርጅበት መንገድ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ማሽን የሚሠለጥነው በእንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ወረቀቱ ውስጥ «ቅጂዎቹን ለማንኛውም ዓላማ መጠቀም ይቻላል» የሚል ካለ፣ ለምን፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብለሽ ጠይቂ። የሆሊውድ ተዋንያን እ.ኤ.አ. በ2023 ከሦስት ወር በላይ ሥራ ሲያቆሙ፣ መልካችንና ድምፃችን ያለ ፈቃዳችንና ያለ ክፍያ በማሽን አይቀዳም ማለታቸው አንዱ ትልቅ ጉዳይ ነበር። እነሱ ማኅበር አላቸው። አንቺ ቢያንስ ንባብ አለሽ።

ያ «47 በመቶው ሥራ በማሽን ይወሰዳል» የምትይው ነገር ደግሞ ይብቃ። ከኦክስፎርድ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ነው፤ የአሜሪካን ሥራዎች የሚመለከት ነው። ማሽን ሊሠራቸው ይችላል አሉ እንጂ ይህን ያህል ሰው ይባረራል አላሉም። ገንዘብ የሚከፍለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሲጀመር የባንክ ገንዘብ ከፋዮች አለቀላቸው ተብሎ ነበር። በአሜሪካ ግን ማሽኑ ከተስፋፋ በኋላም ቁጥራቸው ለብዙ ዓመታት አልቀነሰም። ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ ባንኮች ብዙ ቅርንጫፍ ከፈቱ።

ላባብልሽም አልፈልግም። ሊፍት የሚነዱ ሠራተኞች ዛሬ የሉም ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ስልክ ኦፕሬተሮች ነገር ሲጠናም፣ ከማሽኑ በኋላ ለሥራ የደረሱት ወጣት ሴቶች ሌላ ሥራ አግኝተዋል። የተጎዱት ሥራው ላይ የነበሩት ናቸው። አንዳንዱ ዝቅ ያለ ሥራ ያዘ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ቤት ቀረ። አንቺ ያለሽው እዚያ ቦታ ላይ ነው። የምቆጣሽም ለዚህ ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ «ዓለም ተለወጠ» ማለት አያዋጣም፤ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ብዪ።

አንድ ነገር ልብ በይ። የካናዳው አየር መንገድ መልስ ሰጪ ሮቦት፣ ዘመድ ሞቶበት ትኬት ለሚገዛ አንድ መንገደኛ የተሳሳተ የቅናሽ መረጃ ሰጠው። ሰውየው ከሰሰ። አየር መንገዱ «ሮቦቱ ለራሱ ተጠያቂ ነው» የሚል ክርክር አቀረበ! ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2024 አልተቀበለውም፤ ክፈል ብሎ ፈረደበት። እንግዲህ ሀዘን ላይ ያለ ሰው ሲደውል ማን ማንሳት እንዳለበት አለቆችሽ ካልገባቸው፣ የምታስረጂያቸው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ሮቦቱ አቅቶት ወደ አንቺ የወረወረውን ጥሪ ሁሉ ጻፊ፦ ሰዓቱን፣ ጉዳዩን፣ እንዴት እንደፈታሽው። የደንበኛ ስም አትጻፊ፣ ጣጣ አለው። ያ ማሽን የሚቆጣጠረው ሰው ይፈልጋል፤ ሥልጠና ካለ በጽሑፍ ጠይቂ፣ በቃል አይሁን። የቅጥር ውልሽን ከካርቶኑ አውጪና ምን ያህል ማስጠንቀቂያ ሊሰጡሽ እንደሚገባ እዪ። አጎትሽ ጠበቃ መሆኑን የምታስታውሺው ሲጋበዝ ብቻ ነው እንዴ? ደውዪለት።

«ዛሬውኑ ካልፈረምሽ» የሚልሽ ሰው ካለ፣ ያኔ ነው ፈጽሞ የማይፈረመው። «ወስጄ አነበዋለሁ» በይ፣ በትሕትና። ድምፅሽ አይንቀጥቀጥ።

የኔ ቆንጆ፣ አውቃለሁ ደክሞሻል። ቀኑን ሙሉ የሰው ንዴት ስትሰሚ ውለሽ ማታ የኔንም ልጨምርብሽ አልፈለግሁም። ግን እናት ነኝ።

የወረቀቱን ፎቶ ገጽ በገጽ ላኪልኝ፤ ጀርባውንም። ባለፈው እንደላክሽው የደበዘዘ አይሁን፣ መብራት አብሪና አንሺው። ነገ ከምሳ በፊት እደውላለሁ። ካላነሳሽ ወንድምሽን እልክብሻለሁ፤ እሱ ደግሞ በር ሲያንኳኳ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

እናትሽ